የኮምፒውተር ፈሳሽ ማቀዝቀዣ በድሬዳዋ

የፈሳሽ ማቀዝቀዣ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚያመነጨውን ሙቀት በቱቦ ውስጥ በሚዘዋወር ፈሳሽ ተቀብሎ ወደ ራዲያተር የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጫን የመዳብ ብሎክ፣ ፓምፕ፣ ቱቦዎችና ፋን የተገጠመለት ራዲያተር አሉት፤ አሠራሩ ከመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ጋር ተመሳሳይ ነው። ከውሃና ከአየር እኩል መጠን ቢወሰድ ውሃው ከ3,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ትልልቅ ኮምፒውተሮች በውሃ መቀዝቀዝ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ አፕል በ2004 በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 ለገበያ አቅርቧል።

ድሬዳዋ ለኮምፒውተር ፈታኝ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ይደርሳል። ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝም የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በ13 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ሳስቶ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ክፍሉ 22 ዲግሪ በሆነበት አዲስ አበባ 75 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ በዚያው ማቀዝቀዣ 35 ዲግሪ በሆነ የድሬዳዋ ክፍል ውስጥ ወደ 88 ይጠጋል።

ብዙ ገዢዎች የሚስቱት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ራዲያተር ፈሳሹን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ክፍሉ 35 ከሆነ ፈሳሹ ከዚያ በላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ሙቀትም እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ለቢሮ ሥራ በሚውል ማሽን ላይ አቧራውን ማራገፍ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየርና ኬዙን ከግድግዳ ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ዋጋው የሚያዋጣው ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ፕሮሰሰሩን ለረጅም ሰዓት ሙሉ ጫና ላይ ለሚያውል ሰው ነው።

ወደ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሚደረገው ለውጥ የሚጀምረው የድሮውን ማቀዝቀዣ በማንሳት ነው። ፔስቱ እንዲለሰልስ ኮምፒውተሩ ጥቂት ይሠራና ይጠፋል፤ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ማቀዝቀዣው ወደ ላይ ሳይጎተት ቀስ ተብሎ ግራና ቀኝ ይዞራል። ቀጥ ብሎ ከተጎተተ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ እግሮቹ ይጣመማሉ። የፕሮሰሰሩ ገጽ በአልኮል ከጸዳ በኋላ ትንሽ ፔስት ይደረግና የብሎኩ ብሎኖች በሰያፍ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። በሙቅ ክፍል ራዲያተሩ ፊት ለፊት ተገጥሞ የውጭውን አየር ቢስብ ለፕሮሰሰሩ ይሻላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን የሞቀ አየር ይደርሰዋል። የፓምፑ ቦታ ምንጊዜም ከራዲያተሩ አናት ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ አየር ተጠራቅሞ ፓምፑን ያደርቀዋል።

ፋብሪካ ላይ ተሞልቶ የሚመጣው ዓይነት ውሃ መጨመር አይጠይቅም። በእጅ ለሚሞላው ግን የቧንቧ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም። የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ካልሲየም የሚበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነውን የብሎኩን ስንጥቆች ይደፍናል። ዲስቲልድ ውሃ ከጸረ ዝገት ጋር ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ መዳብና አሉሚኒየምም በአንድ መስመር መቀላቀል የለባቸውም፣ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ከቀዚራና ከመጋላ ሰፈሮች መሃል በሚያልፈው ደረቅ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቅራቢያ ላሉ ቤቶች ትልቁ ሥራ አቧራ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች በቀላሉ ስለሚደፈኑ ፋኑን በጣት ይዞ በብሩሽና በነፋስ ማጽዳት፣ በተለይ ሙቀቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አስፈላጊ ነው።