የሚዛኑ ልጅ

እንግዲህ ተጠጉና ስሙኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። አያቴ የዕድር ደብተሯንና አንዲት ፎቶ የምታኖርባት ቆርቆሮ ነበረቻት። ፎቶዋ መዳፍ ታክላለች፤ ነጭ ጠርዟ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ኦገስት 67» ታትሞባታል። መሐል ላይ ካፖርት የደረበ ሰው ቆሟል። በግራው አያቴ፣ በቀኙ የዘጠኝ የአሥር ዓመት ልጅ፣ እጁን ሚዛን ላይ አሳርፎ። ከኋላቸው ጆንያ ተደርድሯል። ጀርባዋ ላይ «ለማስታወሻ ያህል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ የነበረውን ስም እርጥበት በልቶታል።

በቤታችን ይህ ያለቀ ጉዳይ ነበር። 67 ማለት 1967 ነው፤ 1967 ደግሞ አጎቴ የዘመተበት ዓመት። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ገጠር ወረዱ፤ አጎቴ ከሄደበት አልተመለሰም። ኋላ በቀይ ሽብር ፍተሻ ሲበረታ ስንቱ ቤት ፎቶውን ምድጃ ከተተ፤ የእኛም ቤት እንዲሁ። የተረፈችው ይህች ብቻ ናት። ስለዚህ ባለካፖርቱ ሰው አጎቴ ነው ተባለ፤ ፊቱ ለብቻው ጎልቶ ታትሞ በመስታወት ተሰቀለ። እናቴ በየዓመቱ ስታለቅስለት እያየሁ አደግሁ። ልጁን «የጎረቤት ልጅ ይሆናል» እንለው ነበር።

የነገሥታቱን ፊት ማን እንዳነሳው እናውቃለን። የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ አርመናዊው ጴጥሮስ ቦያጂያን ነበሩ፤ ሙያውን ልጆቻቸው ወረሱ። የእኛ ፎቶ ግን ማን እንዳነሳው ሳይታወቅ ቆርቆሮ ውስጥ የኖረ ነው። በፈረንጆቹ 2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤቱ በተሰበሰቡ ፎቶዎች ታትሞ ሳየው ነው የእኛንም ደግሜ ያወጣሁት።

ያኔ የአያቴ ነጠላ ከነከነኝ። አዘቅዝቃዋለች። ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ፣ ፊቷ አጠገብ ወጥቷል። እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። ልጇ አጠገቧ ቆሞ ሳለ ለማን ነው የምታዝነው? የዕድር ደብተሯን ገለጥኩ። የቀብር ወጪ የተከፈላት በሰኔ 1959፣ ወንዱ አያቴ የሞተ ጊዜ ነው።

ጆንያውና ሚዛኑ የእህል ገበያ ስለመሰለኝ እናቴን ይዤ እህል በረንዳ ወረድኩ። አይሱዙው ጤፍ ያራግፋል፣ ደላላው ዋጋ ይጠራል፣ ወዛደሩ «ዞር በል!» እያለ ያልፋል፤ ብናኙ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው የኖሩ አንድ ሽማግሌ ከአንድ መደብር ውስጠኛው ጥግ ተቀምጠው አገኘን። ፎቶዋን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሯት። ፊቶቹን አላዩም፤ መጀመሪያ ያዩት ከኋላ ያለውን ክምር ነው።

«ማዳበሪያ የለም» አሉ።

ገባኝ። ዛሬ ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት ስሙን ያገኘው ከያዘው ነገር ነው። የአፈር ማዳበሪያ ለገበሬው በስፋት መከፋፈል የጀመረው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከረጢቱም ባዶውን ለእህል ዋለና ስሙ አብሮት ቀረ። ፎቶው ላይ ያለው ግን ሁሉም የቃጫ ጆንያ ነው። ያን ዘመን አንዳንድ ፎቶ አጣቢዎች የታጠበበትን ወርና ዓመት ጠርዙ ላይ ያትሙ ነበር፤ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነበር። የፈረንጆቹ ኦገስት 1967 ለእኛ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25፣ 1959 ነው። አያቴ ባሏን ከቀበረች ሁለት ወር ቢሆናት ነው። አጎቴም ገና አሥር ዓመቱ።

እናቴ ቀድማኝ ደርሳበታለች። ጣቷ ከባለካፖርቱ ላይ ተነስቶ ልጁ ላይ አርፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ትልቁ ሰው ማን ነው?»

«ጌታዬ ናቸው። የመጋዘኑ ባለቤት። እኔ ያኔ ተላላኪያቸው ነበርኩ።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ሚዛን አንባቢያችን! አባቱ የሞተ ጊዜ ጌታዬ እናቱን ‹ክረምቱን እኔ ጋ ይዋልልሽ፣ ሳንቲም ይያዝልሽ› አሏት። ቁጥር ያውቅ ነበር። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሄደ።»

እናቴ አጠገቧ ያለው ክምር ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት ያለቀሰችው ለማያውቃት ነጋዴ ፎቶ ነበር። ወንድሟ ደግሞ እዚያችው ፎቶ ጠርዝ ላይ፣ የጎረቤት ልጅ ተብሎ፣ እጁን ሚዛን ላይ እንዳሳረፈ ቆሞ ኖሯል። እኔ ያን ጊዜ የምናገርበት አንደበት አልነበረኝም። ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ከጀርባዋ «ነሐሴ 1959፣ እህል በረንዳ» ብዬ ጻፍኩና የሦስቱንም ስም ሽማግሌው እንደነገሩኝ ከግራ ወደ ቀኝ ከነአባታቸው አስቀመጥኩ። አንድ ስም ብቻውን በእኛ አገር ማንንም አያስገኝም።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ድምፁ ያኔ ምን ይመስል ነበር፣ ጋሼ? እኔ ገና አራት ዓመቴ ነበር።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ቀጠን ባለ የልጅ ድምፅ ጮኹ፦

«መቶ! ሞልቷል! ውሰድ!»

በረንዳው ላይ የሚያልፍ አንድ ወዛደር የተጠራ መስሎት፣ ማዳበሪያውን እንደተሸከመ ዞር አለ።