የአቶም መብራትና የወልድያ ጨለማ

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወልድያ ጨለማ ነበረች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። የመርሳና የሀብሩ ሰውም ያንን ጊዜ ያውቀዋል። ወፍጮው ሲቆም የእናቶቻችን ክንድ ወፍጮ ሆነ፤ ተረስቶ የነበረ ኩራዝ ከጓዳ ወጣ።

አራት ዓመት አለፈና መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአቶም ኃይል ጣቢያ ለማቋቋም ከሩስያው ሮስአቶም ጋር የሥራ ዕቅድ በሞስኮ ተፈራረመች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ተማሪ ሻይ ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ ክርክር ነው። አንዱ «በቃ አለፈልን!» ሲል ሌላው «የምን እብደት ነው!» ይላል። በበኩሌ፣ ከመጮኻችን በፊት ታሪኩን እንይ እላለሁ። (ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 1946 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በተባበሩት መንግሥታት ፊት «አቶም ለሰላም» ሲል ተናገረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሶቪየቶች በኦብኒንስክ 5 ሜጋዋት ብቻ የምትሰጥ ጣቢያ ከመብራት መስመር ጋር አገናኙ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሲቋቋም ደግሞ ኢትዮጵያ ገና ከመጀመሪያው ከገቡት አገሮች አንዷ ነበረች። ታዲያ ከአቶም ያገኘነው መብራት ሳይሆን ሌላ ነው፦ የቆላ ዝንብን በጨረር ማምከንና የካንሰር ሕክምና። ያም ቢሆን ለብዙ ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበረ፣ የሀብሩ ሕመምተኛ ጨረሩን ፍለጋ ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት።

ከዚያ ፍርሃት መጣ። በመጋቢት 1971 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ፣ በሚያዝያ 1978 ቼርኖቢል። ቼርኖቢል ላይ እሳቱ ብቻ አይደለም የጎዳው፤ ዝምታውም ጎድቷል። ሞስኮ አፍ አውጥታ የተናገረችው ስዊድን ጨረሩን በመሣሪያዋ ካየች በኋላ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2003 የጃፓኑ ፉኩሺማ ተከተለ። የሚገርመው፣ በዚያው ወር በ24 የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ዓለም አቶምን ሲሸሽ እኛ ወደ ውኃ ዞርን ማለት ነው። ጀርመን በሚያዝያ 2015 የመጨረሻዎቹን ሦስት ጣቢያዎች ዘጋች።

አሁን ነፋሱ ተገልብጧል። በኅዳር 2016 በዱባይ ከ20 የሚበልጡ አገሮች የአቶም ኃይልን እ.ኤ.አ. እስከ 2050 ሦስት እጥፍ እናደርሳለን አሉ። የዓለም ባንክ በሰኔ 2017 የቆየ እገዳውን አነሣ። ግብፅ በኤል ዳባ በሩስያ ብድር 4,800 ሜጋዋት እየገነባች ነው። በእኛም 5,150 ሜጋዋቱ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቀጣዩ አቶም መሆኑ በዚያው ዕለት ተነገረ።

ደጋፊዎቹ እውነት አላቸው። ከመብራታችን ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ የዝናብ ልጅ ናት። ዝናብ ሲከዳ ምን እንደሚመጣ ለወሎ ሰው የሚነግረው የለም፤ 1966ን እና 1977ን አይቷል። አቶም ሰማይ አያይም።

ሰማይ አያይም፤ ምድርን ግን ያያል። ሪአክተር ቢያጠፉትም ነዳጁ መጋሉን አይተውም፤ ያለ ማቋረጥ የሚያቀዘቅዝ ውኃ ይሻል፣ ፓምፑም መብራት ይሻል። ፉኩሺማን የጣለው ይኸው ነው፤ መሬት መንቀጥቀጡ የውጪውን መስመር በጠሰ፣ የባሕሩ ማዕበል ጄኔሬተሮቹን አሰጠመ። በየካቲት 2014፣ ወልድያ መብራቷን ካጣችበት ጦርነት ጥቂት ወራት በኋላ፣ የዩክሬኑ ዛፖሪዥያ ጣቢያ በሩስያ ጦር እጅ ገባ። መስከረም 13 ቀን 2018 የውጪው መስመር ተቋርጦ አንድ ወር ያህል በናፍጣ ጄኔሬተር ቆየ። የእኛ ፊርማ በሞስኮ የተፈረመው በሁለተኛው ቀን ነው።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይህ ነው። ግድብ ጦርነት ቢመጣበት መብራት ይጠፋል፤ ሪአክተር ጦርነት ቢመጣበት የሚጠፋው መብራት ብቻ አይደለም። መስመር በጥይት የሚበጠስበት አገር ከአቶም በፊት ሰላም ያስፈልገዋል። ባለሙያዎችም አንድ ሪአክተር ከጠቅላላው የመብራት መረብ ከ10 ከመቶ ባይበልጥ ይመክራሉ፤ ድንገት ሲቆም መረቡን ይዞ እንዳይወድቅ። ስለዚህ መጀመሪያ መረቡ ይጠንክር።

ጓደኞቼ፣ አልቃወምም፤ እንጠይቅ ግን። ተቃጥሎ ያለቀው ነዳጅ የት ይቀመጣል? ዕዳውን ማን ይከፍላል? አደጋ ቢደርስ ማን ቀድሞ ይነግረናል? የሀብሩ ገበሬ ፓምፕና የመርሳ ወፍጮ ከዚህ ኃይል ምን ይደርሳቸዋል? ፊዚክሱንና ምህንድስናውን የምንማር እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅ? ቼርኖቢል ላይ የጠፋው ይህ ጥያቄ ነበር። በጨለማ ያደረ ሰው መብራት አይጠላም፤ ኩራዙን ግን ከጭድ አጠገብ አያስቀምጥም።