ሰጋር በቅሎና የሞላ ነገር

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት በሚወስደው ኮረኮንች በሞተር ሳይክል ተፈናጥጬ ሄጄ ነበር። ነጂው አጎቴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከገበሬ መንደር ገበሬ መንደር ሲመላለስ የኖረ የግብርና ባለሙያ። ስንሄድ ከኋላችን አንድ ጆንያ የበቆሎ ዘር ታስሮ ስለነበር መንገዱ ያን ያህል አልከበደንም። ዘሩን አራግፈን ስንመለስ ግን ሞተሩ እንዳልተገራ ወይፈን ያነጥረን ጀመር። የመጨረሻዋ ወንዝ ጋ ስንደርስ የአጎቴ ክንድ ደንዝዞ ፍሪሲዮኑን መጨበጥ አቃተውና ተያይዘን ውሃው ውስጥ ገባን። ጋሼ ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ መፍቻ አወጣና የኋላውን ሞላ ቀለበት ማዞር ያዘ።

«ለጭነት አጥብቄው ሳላላላው ረሳሁት። ድንጋዩን አትራገም፤ ክንዴን የበላሁት እኔው ነኝ» አለኝ።

ይቺ ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስለ ጋላቢ ስናወራ አብዛኞቻችን የምንቆጥረው የሰውየውን ወኔና የፈረሱን (ወይም የሞተሩን) ጉልበት ነው። ከመሬት የሚመጣውን ምት ማን እንደሚቀበለው ግን አንጠይቅም። እሱ የምቾት ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ምቾት ደግሞ የሰነፍ ነገር ነው እንላለን። እኔ ግን፣ ለጋላቢ ምቾት ማለት የተቆጠበ ጉልበት ነው እላለሁ። ምስክሬም ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን እንይ። የጥንቱ መኳንንት ለጉዞ የሚቀመጡት በሰጋር በቅሎ ላይ ነበር። ፈረሱ በአሽከር እየተሳበ ከጎን ይከተላል፤ ጦርነት ወይም ጉግስ ሲደርስ ብቻ ከበቅሎ ወደ ፈረስ ይዛወራሉ። ለምን ቢባል፣ የምትሰግር በቅሎ ጀርባዋን ሳታናውጥ እግሯን ታፈራርቃለችና፣ ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ማታ ከበቅሎው ሲወርድ ወገቡም ክንዱም ገና የራሱ ነው። ሶምሶማ የሚረግጥ እንስሳ ግን ሰውየውን ሲወቅጠው ይውላል።

በጉግስ ጊዜ ደግሞ ሞላው ጋላቢው ራሱ ነው። ከቡሬ ትንሽ አልፎ እንጅባራ ላይ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። እዚያ የተገኘ ሰው የጋላቢዎቹን ጉልበት ልብ ብሎ ይመልከት። ጎበዙ እንደ ጆንያ ኮርቻው ላይ አይቀመጥም፤ እርካቡን ረግጦ ከፍ ይልና ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ምቱን እዚያው ያስቀረዋል። ትከሻው አይናወጥም። በድሮው ጊዜማ እርካቡ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ቀለበት ነበር።

የብረት ፈረስ ሰዎች ይህን ለመማር ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው። ሞቶክሮስ የሚባለው፣ በጭቃና በጉብታ ላይ የሚደረገው የሞተር ሳይክል እሽቅድድም፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አገር ካምበርሊ ላይ የተደረገው ውድድር ነው ይባላል። በ1957 የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎቹ በይበልጥ የተሽቀዳደሙት የሞተር ጉልበት በመጨመርና ክብደት በማቃለል ነበር። ምን ዋጋ አለው! የኋላው ጎማ ከፍ ዝቅ የሚለው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበር፣ ሞተሩ በበረታ ቁጥር ጎማው ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ አየር ላይ ይሽከረከራል። አየር ላይ የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ የትም አያደርስም።

ታዲያ ሉሲየን ቲልከንስ የተባለ የቤልጂግ መሐንዲስ ሁለቱን የኋላ ሞላዎች አነሣና በአንድ ረጅም ሞላ ተክቶ ከመቀመጫው ሥር አጋደመው። አሳቡን ያማሃ ገዛው። ስዊድናዊው ሆካን አንደርሾን በዚያ ዓይነት ሞተር ሳይክል ተወዳድሮ በ1973 በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም መንገዱን እየፈለጉ ተከተሉ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የኋላ ጎማ ከፍታና ዝቅታ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ረጅም ሞላ ብቻውን አይበቃም፤ ልኩ መገኘት አለበት። ሞላ ምቱን ያጠራቅምና ካልተገታ መልሶ ይተፋዋል። የሚገታው አሞርዛተሩ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ የምቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሞላው ከጠነከረ ምቱ ክንድ ላይ ያርፋል፤ ከላላ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሲመለስ ከፈጠነ እንደ እምቢተኛ ፈረስ ኋላውን ያነሣል፤ ከዘገየ ደግሞ ተኮማትሮ እንዳለ ሁለተኛው ጉብታ ይደርስበታል። ስለዚህ የዛሬ ተወዳዳሪ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ከ30ው ሴንቲ ሜትር 10 ያህሉ በክብደቱ ብቻ እንዲሰምጥ አድርጎ ያስተካክላል። የወፍራሙ ልክ ለቀጭኑ አይሆንም። ልኩን የሳተ ሰው ከጥቂት ዙር በኋላ ክንዱ ይደነዝዛል፤ ወኔው ያው ነው፣ ፍሬኑን የሚይዝበት ጣት ግን የለውም።

ወደ ታሪካችን ልመለስ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረሳቸው ስም እንጠራለን። በበቅሎው ስም የተጠራ ንጉሥ ግን እስካሁን አልሰማሁም። የግልቢያዋን ሰዓት መዘገብን፤ ጋላቢውን ሳይሰበር እዚያ ያደረሰውን፣ በቅሎዋን ስግሪያ ያለማመደውን፣ ቆዳ ለፍቶ ኮርቻ የሠራውን እጅ ሳንጽፈው ቀረን። ይባስ ብለን «ፋቂ» እያልን ናቅነው።

ይህ ንቀት ያለፈ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ዛሬም በዚያው መንገድ ይመላለሳል። የሞተሩ አሞርዛተር ዘይቱን አንጠባጥቦ ከጨረሰ ሰነበተ። ይቀየርልኝ ባለ ቁጥር የሚሰጠው መልስ «ሞተሩ ይነሣ የለም እንዴ?» የሚል ነው። አዎን፣ ሞተሩ ይነሣል። የጋሼ ክንድ ግን ማታ ማታ የሻይ ብርጭቆ ማንሣት እያቃተው ነው። በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ የጥንት ሰው እኮ ጉልበቷን ብቻ ዓይቶ አይመለስም ነበር፤ ትሰግራለች ወይ ብሎ ይጠይቃል።