መርከቡ ሳይደርስ የሚደርስ ወሬ፤ ስለ ዕፅዋት ኳራንቲን ታሪክ

«ኳራንቲን» የሚለው ቃል ከኢጣሊያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መሠረቱ «አርባ» የሚለው ቍጥር ነው። በ1377 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የራጉዛ ከተማ፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው ሠላሳ ቀን ተገልሎ እንዲቈይ ደነገገች፤ ኋላም ቀኑ ወደ አርባ ከፍ አለ። ከስሙ እንደምንረዳው የኳራንቲን ዋና መሣሪያው መድኃኒት ሳይሆን ጊዜ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረውም፣ የእንፋሎት መርከብና አይሮፕላን ይህን ጊዜ እንዴት እንደ ወሰዱትና ዕፅዋትን ከተባይ የሚጠብቁ ሹማምንት የተወሰደውን በምን ሊተኩት እንደ ሞከሩ ነው።

በሸራ መርከብ ዘመን ባሕሩ ራሱ ዘበኛ ነበር። ችግኝ ብዙ ሳምንት ተጕዞ ሲደርስ፣ በላዩ የተጣበቀው ተባይ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ያልቅ ነበር። እንፋሎት ጕዞውን ባሳጠረው ጊዜ ግን ችግኙም ተባዩም በሕይወት ደረሱ። በ1860ዎቹ ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገብታ የወይኑን አትክልት ከሥሩ ያጠፋችው ፊሎክሴራ በዚህ መንገድ እንደ መጣች አያሌ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። በ1878 መንግሥታት በበርን ከተማ ተሰብስበው የተፈራረሙት ውል በዚህች ተባይ ምክንያት ነበር፤ ወይኑ ግን ቀድሞ ተበልቶ ነበር።

አሜሪካም በተራዋ ዋጋዋን ከፍላለች። በ1868 ገደማ ከአውስትራልያ በመጣ የግራር ችግኝ ላይ ጥጥ የመሰለ ከረጢት የምትሸከም ተባይ ወደ ካሊፎርኒያ ገብታ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ የብርቱካኑን አትክልት ልታጠፋው ደረሰች። ያዳነቻቸው በ1888 ከአውስትራልያ የተላከች ትንሽ ጥንዚዛ ናት። ገበሬዎቹ ከዚህ በኋላ ወደቡን ለመጠበቅ ቈረጡ፤ በ1890 አሌክሳንደር ክሮው የተባለ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ የኳራንቲን ሹም ሆነ። ሥራው ከእስያና ከአውስትራልያ በሚመጡት መርከቦች ላይ እየወጣ ችግኙን መመርመር ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በአንድ ወደብ ቢቆም፣ ዕቃው በሌላ ወደብ መግባቱን ማን ይከለክለዋል?

ይህ ከንቱ ጥያቄ እንዳልሆነ የቶክዮ የቼሪ ዛፎች ታሪክ ያስረዳል። የቶክዮ ከተማ ለዋሽንግተን በስጦታ የላከቻቸው 2,000 ዛፎች በሲያትል ወደብ ወርደው፣ አህጉሩን በባቡር አቋርጠው በጥር 1910 ዋና ከተማይቱ ደረሱ። በዚያ ሲመረመሩ ተባይና በሽታ ሞልቶባቸው ተገኙ፤ በፕሬዚዳንት ታፍት ፈቃድም በዚያው ወር ተቃጠሉ። ጉዳዩ ዲፕሎማቶቹን እጅግ አሳፍሮ ነበር። በእኛ አስተያየት ግን የሚያስገርመው መቃጠላቸው ሳይሆን፣ በሽተኛው ዕቃ በሺሕ የሚቈጠር ኪሎሜትር በየብስ ከተጓዘ በኋላ መመርመሩ ነው። በ1912 የተላኩት 3,020 ዛፎች ገና ጃፓን ሳሉ በጥንቃቄ የተዘጋጁ ስለ ነበሩ በሰላም ተተከሉ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የዕፅዋት ኳራንቲን ሕግ ወጣ። ሕጉ የችግኝ አስመጪ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ዕቃው ከመጣበት አገር የምርመራ ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያዝ ነበር። ደግሞም ዕቃው ወደብ ሲደርስ የገንዘብ ሚኒስቴር ለእርሻ ሚኒስቴር እንዲያስታውቅ፣ ተቀባዩም የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና የበቀለበትን ስፍራ እንዲናገር ያስገድድ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ «ሲደርስ» የሚለውን ቃል ልብ ይበል። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት፣ የደረሰ ዕቃ በወደብ ታስሮ እንደሚጠብቃቸው ነው።

ነገር ግን ሁሉ ነገር ታስሮ አይጠብቅም። የሜድትራኒያን የፍሬ ዝንብ በ1910 በሆኖሉሉ ከታየች ወዲህ ካሊፎርኒያ በሃዋይ ፍሬ ላይ በሯን ዘግታ ነበር፤ በመርከብ አምስት ቀን ያህል የቈየ የተበላ ፍሬ መበስበሱ ስለማይቀር ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። በኅዳር 1935 «ቻይና ክሊፐር» የተባለው አይሮፕላን የፓሲፊክን መሥመር ሲከፍት ግን ይኸው መንገድ የአንድ ቀን ያህል ሆነ፤ ትል ያለበት ፍሬም ገና ትኵስ ሳለ በመንገደኛ ቦርሳ ውስጥ ሊደርስ ቻለ።

ነገሩን ፈጽሞ የለወጠው የ1991 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ከሩሲያ የሩቅ ምሥራቅ ወደቦች የመጡ መርከቦች በቫንኩቨርና በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሲደርሱ፣ የእስያ የእሳት እራት እንቍላል ተጣብቆባቸው ተገኘ። አማርኛችን ይህን ፍጡር «የእሳት እራት» ማለቱ እንዴት ተገቢ ነው! ሴቲቱ በሌሊት ወደ ወደቡ መብራት በርራ፣ በመርከቡ ብረት ላይ በመቶ የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለች። ከእንቍላሉ የሚወጣው አባጨጓሬ በቀጭን ድር ተንጠልጥሎ በነፋስ ወደ የብስ ይሻገራል። ስለዚህ መርከቡ ገመዱን ከጣለ በኋላ የሚመጣ መርማሪ ዘግይቷል፤ ተባዩ ያለው በጭነቱ ውስጥ ሳይሆን በመርከቡ አካል ላይ ነውና ምንም ዓይነት የዕቃ ወረቀት አይገልጸውም። በ1992 ከተሞችና ደኖች በአይሮፕላን መድኃኒት ተረጩ።

ከዚህ የተነሣ ካናዳና አሜሪካ የሚጠይቁት አዲስ ነገር ከዕቃው ይልቅ የመርከቡን ታሪክ ነው፤ ይኸውም መርከቡ ባለፉት ሁለት ዓመታት የቆመባቸው ወደቦች ዝርዝር፣ ከመድረሱ ቢያንስ 96 ሰዓት አስቀድሞ በወኪሉ እጅ እንዲገባ ነው። በራጉዛ መርከቡ ይቆምና ጊዜው ያልፍ ነበር፤ ዛሬ መርከቡ ሲገሠግሥ ወሬው ይቀድመዋል። እርግጥ የዝርዝሩ እውነተኛነት በካፒቴኑ ሐቀኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። የአንድ ቀን መዘግየት ኪሳራው የመርከቡ ባለቤት፣ የደኑ ጥፋት ግን የሌላ ሰው ነውና፣ ተቈጣጣሪ በሌለበት ዝርዝሩ ምን ያህል እንደሚታመን መገመት አያስቸግርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዕፅዋት ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 56 በ1971፣ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቍጥር 4 በ1992 ወጥተዋል። ከ1993 ወዲህ የራሳችን ወደብ ስለሌለን፣ በባሕር የሚመጣልንን ዕቃ አስቀድሞ የሚያየው የሌላ አገር ሹም ነው፤ እንግዲህ የቅድሚያ ወሬ ከማንም ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቅንጬ የሚባለው አረም በ1980ዎቹ በድሬ ዳዋና በሐረርጌ ታየ። ከፊሎቹ ሊቃውንት ከእርዳታ እህል ጋር ገባ ሲሉ፣ ሌሎቹ ከ1977–78 ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ያያይዙታል። የእህሉ አስተያየት እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሕዝብ ሲራብ የእህል መርከብ በባሕር ላይ ይታገድ የሚል ሰው አይገኝም። እህሉ ከየትኛው አገር እንደ ተጫነና ምን ዓይነት የአረም ዘር ሊኖርበት እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ግን ከረጢቱን አንዲት ሰዓት አያዘገየውም ነበር፤ በማከፋፈያው ዙሪያ የሚበቅለውን የሚጠባበቅ ሰው ለማቆምም ይበቃ ነበር። አረሙን ዛሬ በእጁ የሚነቅለው ገበሬ ነው፤ ቅጠሉም ቆዳውን ያሳክከዋል።