ጆሮ ለአብራሪ ብቻ ነውን?

ካርታ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር የጉናን አካባቢና ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። በዚያ ሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ እረኛው ቀና ብሎ ያይና ድምፁ ሲርቅ ወደ ከብቱ ይመለሳል። ውስጥ ለተቀመጠው አብራሪ ግን ድምፁ መቼም አይርቅ! የእሱን ጆሮ ታሪክ እስቲ እናንሳ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ የጀመረው ለጦርነት በተሠሩ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ተሳፋሪው ግድግዳ ተደግፎ በታጣፊ ወንበር፣ ዕቃው መሐል ላይ። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደርና 1,200 ያህል የፈረስ ጉልበት ሲኖራቸው ከአብራሪው የሚርቁት ጥቂት ሜትር ነው። የዚያ ዘመን ማዳመጫ ሬዲዮውን ወደ ጆሮ ያመጣል እንጂ ጩኸት አይከለክልም። አብራሪው ሞተሩን አሸንፎ ለመስማት ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፤ በጩኸት ላይ ጩኸት! ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የዚህ ዓይነት አውሮፕላን አዛዥ ሲሆኑ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ነበሩ። ማዕረጉን እናነሳለን፤ ጩኸቱን ማን ያነሳል?

ጩኸት የሚገድለው በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ፀጉር መሰል ረቂቅ ሕዋሳት ነው፤ ከሞቱ አይተኩም። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ እነ «ስ»፣ እነ «ፍ»። ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» ማለት ይጀምራል። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

መላው እኮ ቀላል ነበር። የአሜሪካው ዴቪድ ክላርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለአብራሪዎች ያወጣው አረንጓዴ ማዳመጫ ምኑ ነው? ጠንካራ ኩባያ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ዙሪያው ጆሮን ከቦ የሚገጥም ለስላሳ ትራስ። ለመከላከሉ ባትሪ አይሻም። ቀጭኑን ድምፅ ደህና አድርጎ ያግዳል፤ ወፍራሙ ጉምጉምታ ግን ሾልኮ ይገባል። ጉምጉምታውን በተቃራኒ ድምፅ የሚያጠፋው የቦዝ ማዳመጫ ለአብራሪዎች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያኛው ኃይል ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ መሬት እንውረድ። ነፋስ መውጫ ሆነ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ፣ የናፍጣ ወፍጮ በሚጮህበት ቤት ፈጪው ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጎን ነው። ዱቄቱን ፈርቶ አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን ይሆናል፤ ጆሮውን ግን አይሸፍንም። እህል ያመጡት ሴቶች በእጅ ምልክት ያነጋግሩታል። እሱ ሬዲዮ አያሻው፣ ሽቦ አያሻው፤ ባዶው ኩባያ ይበቃዋል። ባለወፍጮው ለቺንጋና ለድንጋይ ገንዘብ አያጣም። ማታ ሞተሩ ጠፍቶ ፈጪው ቤቱ ሲገባ፣ ልጆቹ አባታቸውን ለምን እየጮኹ ያወሩታል?