የተወቀረ አለት አይመለስም



የዛሬውን ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። በቤቴ ባለችው አነስተኛ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በምትመራ የቅርጽ ማሽን፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ በእንጨት ለመቅረጽ ሞክሬ ነበር። ሥራው ሲያልቅ የመስቀሉ ክንዶች እኩል ሳይሆኑ ቀሩ። ብፈትሻት፣ 100 ሚሊ ሜትር እንድትሄድ ሲታዘዝላት በኤክስ አቅጣጫ ሙሉውን፣ በዋይ አቅጣጫ ግን 99 ብቻ ትሄዳለች። ማረሚያው ቀላል ነው፦ ለአንድ ሚሊ ሜትር የተመደበውን 80 የሞተር እርምጃ በ100 አባዝቶ ለ99 ማካፈል ነው፤ 80.81 ይሆናል። የተበላሸውን እንጨት የሚመልስ ስሌት ግን የለም።

ይህ ጉዳይ ወደ ላስታ ይወስደናል። ትውፊት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያይዘው ቤተ ጊዮርጊስ፣ 12 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ከአንድ ወጥ አለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ሕንጻ ነው። ግንበኛ ያጠመመውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል። ወቃሪ ግን መተኪያ የለውም፤ በጣሪያው ላይ የተሳተ መስመር እስከ መሠረቱ ይወርዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ክንድና ስንዝር ከሰው አካል የተወሰዱ፣ ከሰው ሰው የሚለያዩ መለኪያዎች ሆነው ሳለ፣ እኩልነት እንዴት ይገኛል? በእኔ አስተያየት መልሱ በመለኪያው ረቂቅነት ሳይሆን በአንድነቱ ላይ ነው። ገመዱ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ አራቱም ክንዶች በዚያው በአንዱ ገመድ ከተለኩ እኩል ይሆናሉ። የእኔ ማሽን ችግር ሁለት ገመድ መያዟ ነበር፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ የየራሱ ክንድ ነበረው። በቁጥር የሚመራው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ ከታየ ወዲህም ይህ ግዴታ አልተለወጠም፤ ማሽኑ ቁጥርን ያውቃል እንጂ ርዝመትን አያውቅም። ርዝመቱን የምንነግረው እኛ ነን።

እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ዝናብና ዘመን ግን ዛሬም ይሸረሽሯቸዋል። ከእናንተ መካከል ለጥገና የሚለካቸው ይኖራል። ያ ሰው አስቀድሞ መሣሪያውን ይለካ፤ ከዚያም ሁሉንም ከአንድ መነሻ ይለካ። ከመዶሻው በፊት የተገኘ ስሕተት ቁጥር ብቻ ነው፤ ከመዶሻው በኋላ የተገኘ ግን ታሪክ ሆኖ ይቀራል።