የአባይ ሁለት ሞተሮች

አባይን ከጣና እስከ ሜዲትራኒያን በጀልባ የጨረሰው የመጀመሪያው ሰው ማነው? ብላችሁ ብትጠይቁን «በየትኛው ሞተር?» ብለን እንመልሳለን። ቀልድ አይደለም። መዝገቡ ላይ ሁለት «የመጀመሪያ» አለ፤ አንዱ በቤንዚን፣ ሌላው በክንድ።

ነገሩ የባሕር ዳር ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከኩታበር በስተምዕራብ የሚነሳው በሽሎ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ አባይ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ላይ የኩታበር ዝናብም ድርሻ አለው።

አባይ ለጀልባ ተመችቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በብረት ጀልባ እስከ ሱዳን እወርዳለሁ ብሎ ተነሳ፤ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ ተሰባብረው ቀሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እስክንድርያ ደረሱ። ድል ነው! ግን የመንገዱን ብዙ ክፍል የገፋቸው ሞተር ነበር። ጥር 21 ቀን 1997 ዓ.ም. (እኛ ዘንድ አስተርእዮ ማርያም ስትነግሥ ማለት ነው) ካናዳዊው ሌስ ጂክሊንግና የኒውዚላንዱ ማርክ ታነር በመቅዘፊያ ብቻ ሜዲትራኒያን ገቡ።

እስቲ ሁለቱን እናወዳድር። አንድ ጤነኛ ሰው ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚያወጣው ኃይል ከአንድ የፈረስ ጉልበት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር እንግዲህ የ400 ቀዛፊ ያህል ነው ማለት ነው። እንደ ናስር ሐይቅ ባለ የተኛ ውሃ ላይ ክንድ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ገደሉ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድንጋይ ፕሮፔለሩን ይሰብራል፤ ማደያ የለም፤ ፏፏቴ ሲመጣ ሞተሩ ራሱ ሸክም ይሆናል። እዚያ ክንድ ያሸንፋል።

እኛን የሚቆረቁረን ሌላ ነው። ድልድይ በሌለበት ዘመን የአባይ ዳር ሰው በተነፋ ስልቻ ተንሳፎ፣ አዞ እያለ፣ ወንዙን ሲሻገር ኖሯል። ማቋረጥና እስከ ባሕር መውረድ አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ቢሆንም የእነዚያን ዋናተኞች ስም የያዘ መዝገብ የት አለ? «የመጀመሪያ» የሚባለው ቀድሞ የገባ ሳይሆን ቀድሞ የጻፈ ነው።

አሁን ደግሞ ወንዙ ራሱ ተለውጧል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከሱዳን ድንበር በላይ ያለውን ሸለቆ ሐይቅ አድርጎታል። የ1997ቱን ጉዞ እንደነበረ መድገም አይቻልም፤ በዚያ በተኛ ውሃ ላይ ከእንግዲህ ንጉሡ ሞተር ነው። የስልቻው ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም። ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ወንዝ የተሻገሩ አያት ያላችሁ፣ በምን ጉልበት እንደተሻገሩ ዛሬ ጠይቋቸው፤ ጻፉትም።